እስከ ቡሬ

ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ ልክ እንደሆነው ነው ብዬ ለመማል አልደፍርም። በቅሎዋ ዳማ ነበረች እላለሁ፤ ነገር ግን በዚያን ዘመን መቱ ውስጥ ዳማ በቅሎ ብዙ ስለነበረ የሌላዋን መልክ ለዚህችኛዋ አልብሼላት ሊሆን ይችላል። ከቤት የተነሣሁበት ቀን ረቡዕ ይመስለኛል። ወሩ ጥቅምት ለመሆኑ ደግሞ ምስክሬ የባሮ ውሃ ብቻ ነው፤ መጉደል የጀመረው ያን ሰሞን ነበርና። የሰዎቹንም ንግግር የማቀርበው ጆሮዬ ውስጥ በቀረው መጠን ነው። ዕድሜ ልኬን የሰው ጽሑፍ ስመረምር የኖርኩ ሰው ስለሆንኩ፣ የራሴን ትዝታ ያለ ምስክር መቀበል አሳፍሮኝ በኋላ የሚጣራውን አጣርቻለሁ። ካጣራሁት ውስጥ አንዱ አኮራኝ፤ አንዱ አሳፈረኝ።

ጣሊያን ከመግባቱ ጥቂት ዓመታት በፊት ነው። እኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ቢሆነኝ ነው፤ ከበዛም ሃያ። አባቴ ከሸዋ የመጣ ወታደር ነበረ፤ መቱ ላይ አግብቶ፣ መቱ ላይ ወልዶ፣ እዚያው ተቀበረ። እናቴም ብዙ ሳትቆይ ተከተለችው። እኔ ዳዊት ደግሜ፣ ቁም ጽሕፈት ተምሬ፣ በገበያው ዳር በአንድ ጎጆ በረንዳ ላይ ተቀምጬ የሰው ደብዳቤ፣ የሰው ውል፣ የሰው አቤቱታ እየጻፍኩ አድር ነበር። በስሜ የሚጠራኝ አልነበረም። «ጸሐፊው» ነበር የምባለው።

ጋምቤላ ላይ ቡና የሚገዛ አንድ ግሪካዊ ነጋዴ መቱ በመጣ ቁጥር ውሉን የምጽፍለት እኔ ነበርኩ። የእጄን ጽሕፈት ይወድ ነበር። አንድ ቀን፣ «አንተን የመሰለ ልጅ እዚህ በረንዳ ላይ አያረጅም፤ ከእኔ ጋር ካርቱም ትወርድና ትምህርት ቤት አስገባሃለሁ» አለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም።

የዛሬ አንባቢ ላያውቀው ስለሚችል ልግለጸው። ያን ጊዜ መርከብ ከካርቱም እስከ ጋምቤላ የሚመጣው ባሮ ሲሞላ ብቻ ነበረ። ክረምቱ አልፎ ውሃው መጉደል ሲጀምር የመጨረሻው መርከብ ቡናውን ጭኖ ይሄዳል፤ ከዚያ በኋላ እስከሚቀጥለው ክረምት ወንዙ ዝግ ነው። ማክሰኞ ማታ አንድ ቡና ተሸካሚ የነጋዴውን ደብዳቤ አመጣልኝ። አጭር ነበረ። መርከቡ ቅዳሜ ይነሣል፤ ነጋዴው ንግዱን ዘግቶ አገሩ ይገባል፤ ለከርሞ የሚሰጠኝ ቃል የለም።

ከመቱ ጎሬ የአንድ ቀን መንገድ ነው። ከጎሬ ቡሬ ሌላ ቀን፤ ከቡሬ ጋምቤላ ቁልቁል አንድ ቀን ተኩል ወይም ሁለት። ይህ ግን ጤነኛ እግር ላለው ነው። የእኔ ግራ ተረከዝ ሙጃሌ ገብቶበት፣ በእሾህ ሳወጣው አመርቅዞ፣ ጫማ ቀርቶ ጨርቅ አላስነካ ብሎ ነበር። ያለ በቅሎ ጎሬም አልደርስም።

መቱ ላይ በቅሎ የምታከራየው እትዬ አስካለ ነበረች። ባሏ ነጋዴ ነበረ፤ ሲሞት አራት በቅሎዎችና ማንንም የማይፈራ አንደበት ትቶላት ሄደ፤ አንደበቱ እንኳ ቀድሞም የእሷው ነበር ይላሉ። በማግስቱ ጠዋት እያነከስኩ ግቢዋ ገባሁ።

«በቅሎ እሰጥሃለሁ» አለችኝ፣ የምትለቅመውን ገብስ ሳታስቀምጥ። «መጀመሪያ ግን የትኛውን እንደምትወስድ ንገረኝ።»

«ዳማዋን፣ እትዬ።»

«ስለ በቅሎዋ መች ጠየቅኩህ? ስለ ውሉ ነው እንጂ! ለዚህ ሁሉ ሰው ውል የምትጽፍ ልጅ፣ ለራስህ ሲሆን አፍህ ተያዘ?»

እውነቷን ነበር። የእሷን ውሎች ራሴ ስጽፍላት ስለኖርኩ ቃላቸውን በቃሌ አውቀዋለሁ። ነገር ግን የሰውን ውል መጻፍና በውሉ ውስጥ ራስን ማስገባት ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ያን ጠዋት ተረዳሁ። ጣቶቿን እያጠፈች ቆጠረችልኝ።

«አንደኛው እስከ ቡሬ ነው። ቡሬ ስትደርስ እዚያ ላለው ሰዬ ለተሰማ ታስረክባታለህ፤ እሱ ከሚመለስ ነጋዴ ጋር ይልክልኛል። እስከ ቡሬ ታማ ብትሞት፣ መብረቅ ቢመታት፣ አውሬ ቢሰብራት ጉዳቱ የኔ ነው። ጆሮዋንና ጭራዋን ቆርጠህ፣ ሁለት ምስክር ይዘህ ትመጣለህ። ጆሮና ጭራ ካልመጣ ሸጠሃታል ማለት ነው፤ ዋስህ ይከፍላል። ሁለተኛው እስከ ጋምቤላ ነው። ኪራዩ እጥፍ ነው። ከቡሬ በታች ያ ዝንብ አለ፤ ገንዲ አለ። ከዚያ የተመለሰች በቅሎ ዛሬ ደኅና ብትመስል በወሩ ከስታ ትወድቃለች። ስለዚህ በማናቸውም ሞት ብትሞት፣ ተመልሳ እቤቴ እንኳ ብትሞት፣ ዋስህ በቅሎ በበቅሎ ይተካልኛል።»

«ሦስተኛውስ?»

«ሦስተኛው ሰው ልጨምርልህ ነው። ሰውዬው ይነዳል፣ እሱው ይጠብቃል፣ አንተ ከነገሩ የለህበትም። ግን በየመንገዱ አክስት አለው። ለሚቀጥለው መስቀል ጋምቤላ ትደርሳለህ።»

ሳቅኩ፤ እሷ ግን አልሳቀችም። ጣቷን አነሣችብኝ።

«አንድ ነገር ስማ። እስከ ቡሬ ብለህ ከቡሬ ከወረድክ፣ እሱ የኪራይ ነገር አይደለም። ሌብነት ነው። በስምንተኛው ቀን በቅሎዋ ወይም ጆሮዋ እዚህ ካልተገኘ ደግሞ ዋስህ ቁራኛ ነው።»

ቁራኛ ማለት ምን እንደነበረ ለማያውቅ፦ ባለዕዳውን ወይም ዋሱን ከከሳሹ ጋር የልብሳቸውን ጫፍ ለጫፍ አስሮ፣ ነገሩ እስኪያልቅ አብረው እንዲውሉ ማድረግ ነው። አንዱ ውሃ ሲወርድ ሌላው ይከተላል። በየገበያው መሐል እንዲህ ታስረው የሚሄዱ የተከበሩ ሰዎች ሕፃናት ሲስቁባቸው አይቻለሁ።

ዋሴ ኦቦ ጉደታ ነበሩ። የሁሩሙ ሰው፣ ማር አምራች፣ ከአባቴ ጋር በክፉ ቀን የተዋወቁ ናቸው፤ እንዴት እንደተዋወቁ ሁለቱም ነግረውኝ አያውቁም። አባቴ ከሞተ በኋላ መቱ ገበያ በመጡ ቁጥር በበረንዳዬ ሳያልፉ አይመለሱም። የዚያን ዕለትም የሶርን ወንዝ ተሻግረው፣ ማራቸውን በአህያ ጭነው፣ በቅሏቸውን ከኋላ እየሳቡ እትዬ አስካለ ግቢ ድረስ መጡልኝ። ያቺን ጥቁር በቅሎ ሁሩሙና መቱ በሙሉ ያውቃት ነበር። ሰውየው ከወገባቸው ጀምሮ ትንሽ ጎበጥ ያሉ ስለነበሩ፣ በቅሎዋ ላይ ሲወጡ ቀጥ ብለው ሌላ ሰው ይሆናሉ። ያን ሰሞን ግን ኮቴዋ ተሰንጥቆ ስለነበረ ራሳቸው እንደኔው በእግራቸው ነበሩ።

ነገሩን አስረዳኋቸው። አዳምጠው ሲጨርሱ፣ «የኔ ጋንጌ ደኅና ብትሆን ይህ ሁሉ ውል ምን ያደርግልሃል?» አሉ፣ በቅሏቸውን እያዩ። «ዋስ እሆናለሁ። የትኛውን መረጥክ?»

«እስከ ቡሬ ያለውን።»

«ልጄ፣ የምትሄደው ጋምቤላ አይደለም እንዴ?»

«ከቡሬ በኋላ በእግሬ እወርዳለሁ፣ ኦቦ። ወይም ተሸካሚ እቀጥራለሁ። እርስዎን ከዚህ በላይ ላስይዝ አልችልም።»

ወደ ተረከዜ ተመለከቱ። «በእግሬ ስትል፣ በየትኛው?»

እትዬ አስካለ በዚህ ሳቀች። እኔ ደሜ ፈላ። ለእርሳቸው ማሰቤ ነው ብዬ ነበር፤ አሁን ሳስበው ግን ከማሰቡ ይልቅ ኩራቱ ይበልጥ ነበር። የተማርኩ ነኝ ባይ ስለነበርኩ፣ አነስተኛውን ውል መምረጥ ብልህነት መስሎ ታየኝ። የማልፈልገውን ለምን እከፍላለሁ? የማይደርስ አደጋ ለምን በሰው ጫንቃ ላይ እጭናለሁ?

«ሁለተኛውን ውሰድ» አሉኝ ረጋ ብለው። «ዋሱ እኔ ነኝ፤ የምፈራ ከሆነ እኔ ልፍራ።»

«አይሆንም።»

«ደግሞም ቁራኛ ቢመጣ፣ ከእትዬ አስካለ ጋር መታሰር ምን ክፋት አለው? ጠጁ እዚሁ ነው፣ ጨዋታውም እዚሁ ነው።»

«እኔ ነኝ የምጎዳው!» አለች እሷ። «እኒህ ሰው ጎህ ሳይቀድ ተነሥተው ቀፎ ለቀፎ ነው የሚዞሩት። ተከትያቸው ንብ ልነደፍ?»

ሁላችንም ሳቅን። ውሉን በገዛ እጄ ጻፍኩት፦ እስከ ቡሬ። የገበያው ቄስ መምሬ ወልደ ሰንበት ምስክር ሆኑ። ኦቦ ጉደታ የበቅሎዋን ልጓም ይዘው፣ «ዋስ ነኝ» አሉ፤ ከዚያ ልጓሙን በእጄ አስያዙኝ። «ነጋን ዴሚ» ብለው በቋንቋቸው በሰላም ሂድ አሉኝ። ገበያውን አልፌ ዘወር ስል፣ ወደ እትዬ አስካለ ግቢ ሲመለሱ አየኋቸው። በትራቸውን ረስተው መሰለኝ።

እስከ ጎሬ ስላለው መንገድ የማስታውሰው ጭቃውን ብቻ ነው። ጎሬ አደርኩ። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ቡሬ ደረስኩና ቀጥታ ወደ ተሰማ ቤት ሄድኩ። በሩ ተዘግቷል። ሚስቱ ከጓሮ ብቅ አለች።

«ጋሼ ተሰማ የለም። ሰኞ ጋምቤላ ወረደ።»

«መቼ ይመለሳል?»

«ዛሬ ብሎ ነበር። ነገም ሊሆን ይችላል። እሱ ሲመጣ ነው የሚመጣ።»

«በቅሎዋን እርስዎ ይረከቡኝ።»

«እኔ? የእትዬ አስካለን በቅሎ?» እጇን ወደ ኋላ ሰበሰበች። «አመመኝ ብትል፣ ገመዷን በጥሳ ብትጠፋ፣ ያቺ ሴት ምን እንደምታደርገኝ ታውቃለህ? ባሌን ጠብቅ።»

ተሸካሚ ፍለጋ ቡሬን ዞርኩት። ጉልበት ያለው ሰው ሁሉ የመጨረሻውን ቡና ተሸክሞ ወርዷል። ተረከዜ ደግሞ በበቅሎ በመጣሁበት መንገድ እንኳ፣ መሬት ሳይነካ፣ እስከ ቁርጭምጭሚቴ አብጧል። አንድ ሽማግሌ አይተውት፣ «በዚህ እግር እስከ ኬላው ብትደርስ ጎበዝ ነህ» አሉኝ። ኬላው ከከተማው ጥግ ነው።

ዓርብ ጎህ ሲቀድ ተሰማ አልመጣም። በቅሎዋ ተጭና ቆማለች። አንድ ሰው ሕይወቱን ሙሉ የሚያስታውሰው ቆም ያለበትን ቦታ ነው፤ እኔም የተሰማን አጥር፣ አጥሩ ላይ የተሰጣውን የሕፃን ልብስ አስታውሳለሁ። በበቅሎ ከወረድኩ ቅዳሜ ከቀትር በፊት እደርሳለሁ። ካልወረድኩ አልደርስም። ነገሩ ይህን ያህል ግልጽ ነበረ። ወደ ጋምቤላ የሚወስደውን መንገድ ያዝኩ።

ኬላው ላይ አንድ ዘበኛ ጠመንጃውን በጭኑ አስተኝቶ ቆሎ ይቆረጥማል።

«ወዴት ነው?»

«ጋምቤላ።»

«በቅሎዋ ያንተ ናት?»

«የተከራየኋት ነች።»

«እስከ የት?»

ያን ጥያቄ አልጠበቅኩትም ነበር። ለካ በየኬላው የሚጠየቅ ነው፤ ከቡሬ በታች በሚያልፍ የተከራየ ከብት ብዙ ነገር ተነሥቶ ነበርና።

«እስከ ጋምቤላ» አልኩት።

ፊቴን ትንሽ አየኝ። ከዚያ በእጁ፣ እለፍ አለኝ። ሕይወቴን ሙሉ ያን ያህል የከበደኝ ሁለት ቃል ከአፌ ወጥቶ አያውቅም።

ቁልቁለቱ ጀመረ። አየሩ በየእርምጃው ይወፍራል። ደጋው ላይ ለብሼው የነበረውን ጋቢ አውልቄ ኮርቻው ላይ አኖርኩት። ከዚያ ሣሩ በቅሎ ላይ ከተቀመጠ ሰው በላይ ሆነ፤ መንገዱ በሣር ግድግዳ መካከል የሚሄድ ቀጭን ነገር ሆነ። ከፊቴ ምን እንዳለ አይታየኝም። የሚሰማኝ የበቅሎዋ ትንፋሽና የልጓሙ ብረት ብቻ ነው።

ፀሐይ ወደ አናት ስትወጣ የመጀመሪያዋን ዝንብ አየሁ። እንደ ቤት ዝንብ አይደለችም፤ ጠየም ያለች ነች፤ ስታርፍ ክንፎቿን አንዱን ባንዱ ላይ ደርባ እንደተዘጋ መቀስ ታደርጋቸዋለች። የበቅሎዋ አንገት ላይ ተቀመጠች። በመዳፌ መታኋት፤ አመለጠችኝ። በቆዳው ላይ የሽምብራ ቅንጣት የምታህል ደም ቀረች። ሌላዋ ታፋዋ ላይ አረፈች። ሦስተኛዋ ከሆዷ ሥር። ጋቢዬን እንደ ጭራ እያወዛወዝኩ፣ ተቀምጬ እንደ እብድ ስጨፍር ቆየሁ። ከዚያ ተውኩት። ደሟን በጋቢዬ ጫፍ ጠረግኩ፤ የጠረግኩት ለምን ነበር? ማን እንዳያይብኝ? ከሣር በቀር ማንም አልነበረም።

ቀትር ላይ ከፊቴ ሰው ሲያስል ሰማሁ። ከሣሩ መታጠፊያ አንድ ወፈር ያለ ሰው በትሩን እየተመረኮዘ፣ ላቡ በደረቱ እየወረደ ብቅ አለ። ከኋላው አራት ባዶ እጃቸውን የሆኑ ተሸካሚዎች ነበሩ። ሰውየው ቆመ። መጀመሪያ ያየው በቅሎዋን ነው።

«ይህች የእትዬ አስካለ ዳማ አይደለችም?»

ተሰማ ነበር። ከበቅሎዋ ወረድኩ፤ ተረከዜ መሬት ሲነካ ዓይኔ ጨለመብኝ።

«ጋሼ ተሰማ፣ ትናንት ቤትዎ መጥቼ ነበር። አልነበሩም።»

«ውልህ እስከ የት ነው?»

«እስከ ቡሬ።»

ዞሮ የበቅሎዋን አንገት ዳሰሰ፤ ጣቱን አየው። «በልተዋታል» አለ። «ሁለት ቦታ፣ ሦስት ቦታ። ይህች በቅሎ ከዛሬ ጀምራ ሞታለች፤ እሷ ግን አላወቀችም።»

«ይማሩኝ።»

«እኔ ምን ነኝና እምርሃለሁ? ዋስህ ማን ነው?»

«ኦቦ ጉደታ፣ የሁሩሙ።»

«ማር የሚያመጡት? ምነው፣ ምነው ልጄ!» በትሩን መሬት ላይ ወጋ። ከዚያ ዞር ብሎ ወደ መጣበት መንገድ አየ። የሚያስበው ስለ እኔ ብቻ እንዳልሆነ ያን ጊዜ ገባኝ። ተረካቢ ሆኖ ሳለ አራት ቀን ሙሉ ከቦታው አልነበረም። ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«መጻፍ ትችላለህ አይደል? አንተ የመቱው ጸሐፊ ነህ።»

«እችላለሁ።»

«እንግዲህ ሐሙስ ዕለት ቡሬ ላይ በደኅና አስረክበኸኛል። ይህን ጻፍልኝ። እኔም ቤቴ ነበርኩ፤ አንተም ከቡሬ አልወረድክም። በቅሎዋን ዛሬውኑ መልሼ አወጣታለሁ። ብትሞትም በወሩ ነው፤ በበሽታ ነው። ዋስህም ነፃ ይወጣሉ።»

«እትዬ አስካለስ?»

«አራት በቅሎ አላት።»

አንባቢ ሆይ፣ እዚህ ላይ ትዝታዬ እንዲህ ይላል። የቀለም ቀንዴንና ብዕሬን አወጣሁ። ወረቀቱን ኮርቻው ላይ ዘረጋሁ። መጀመሪያ ተሰማ ያለኝን ጻፍኩ። አነበብኩት። ቀደድኩት። ከዚያ ሁለተኛ ወረቀት አውጥቼ እውነቱን ጻፍኩ፦ ከቡሬ በታች እንደወረድኩ፣ ዝንብ እንደነከሳት፣ ጥፋቱ የእኔ ብቻ እንደሆነ። ተሰማ ማንበብ ስለማይችል አጥፎ በኪሱ ከተተው። ይህን ለብዙ ሰው አውርቼዋለሁ። ለልጆቼ አውርቼዋለሁ። ስለ ሐቀኝነት ስናገር ለተማሪዎቼ እንደ ምሳሌ ያቀረብኩበትም ጊዜ ነበር።

ተሰማ ከተሸካሚዎቹ ሁለቱ ከእኔ ጋር ተመልሰው እንዲወርዱ አዝዞ፣ በቅሎዋን እየሳበ ወደ ቡሬ ወጣ። አንዱ ጓዜን፣ አንዱ ክንዴን ይዞ እኔም በአንድ እግሬ እየዘለልኩ፣ እየተሸከሙኝም፣ ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ጋምቤላ ገባሁ። መርከቡ ጠዋት መነሣት ነበረበት፤ ቡናው ተጭኖ ስላላለቀ ዘግይቶ ነበር። ነጋዴው እግሬን አይቶ በቋንቋው የሆነ ነገር ብሎ ራሱን ነቀነቀ። የመርከቡ መወጣጫ ሳንቃ ሲነሣ ጎኔን በብረት አጥሩ ላይ አስደግፌ ወደ ደጋው አቅጣጫ ተመለከትኩ። ተራራው በጭጋግ ተሸፍኖ ነበር።

ካርቱም ተማርኩ፤ ከዚያም ከባሕር ማዶ ዩኒቨርሲቲ ገባሁ። በዚህ መካከል ጣሊያን ገባ፣ ወጣ። ብዙ ዘመን አለፈ። በአንድ የውጭ አገር ከተማ፣ መምህር ከሆንኩ በኋላ፣ ለጥቂት ቀናት መኪና ልከራይ ገባሁ። ከጠረጴዛው ጀርባ ያለችው ልጅ ወረቀት ዘርግታ፣ መድኑ ሦስት ዓይነት እንደሆነ አስረዳችኝ። አንዱ ይህን ይሸፍናል፤ አንዱ ያን አይሸፍንም፤ በካርታው ላይ ከተሰመረው መስመር ወዲያ ከሄድኩ ሁሉም ይፈርሳል። «የትኛውን ይወስዳሉ?» አለችኝ። ዓይኔ በካርታው መስመር ላይ ተተክሎ ቀርቶ መሰለኝ፤ «ጌታዬ፣ ደኅና ነዎት?» አለችኝ። ሙሉውን ወሰድኩ። መስመሩን ያላለፍኩበት ጉዞ ነበር፤ ግን ሙሉውን ወሰድኩ። ከዚያ በኋላ ነው ወደ መቱ ለመመለስ የቆረጥኩት።

ኦቦ ጉደታ በጣሊያን ጊዜ ሞተዋል። እትዬ አስካለም የለችም። ልጇ እማሆይ ሆና እዚያው ግቢ አገኘኋት፤ ስሜን አላወቀችውም፤ «ጸሐፊው» ስላት አወቀችኝ። የእናቷን ወረቀቶች በአንድ የቆዳ ማህደር ውስጥ አስቀምጣለች፤ ማንበብ አትችልም፣ ግን አልጣለቻቸውም። ዘረገፈችልኝ።

መጀመሪያ ያገኘሁት የእኔን ደብዳቤ ነው። የእጄ ጽሕፈት ነው፤ አልክድም። «ሐሙስ ዕለት ዳማዋን በቅሎ በቡሬ ከተማ ለአቶ ተሰማ በደኅና አስረክቤአለሁ» ይላል። ስለ ዝንብ የሚል አንድ ቃል የለበትም። ደግሜ አነበብኩት፤ ወረቀቱን ገለበጥኩት፤ ሌላ ደብዳቤ እንዳለ ፈለግኩ። የለም። ለካ ቀድጄ የጣልኩት እውነቱን ኖሯል።

እንዲህ ዓይነቱን ነገር ለአንባቢ መናገር ቀላል አይደለም። ዕድሜ ልኬን በአንድ የተቀደደ ወረቀት ስኮራ ኖርኩ፤ የተቀደደው ግን የምኮራበት ወረቀት ነበር። ትዝታዬ አልዋሸኝም ብል ይሻለኛል፤ እኔን ሊያኖረኝ ፈልጎ የሁለቱን ወረቀቶች ቦታ አለዋወጠልኝ። ሰው ራሱን የሚያስጥልበት መንገድ ብዙ ነው፤ አንዱ ይህ ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ አንድን ነገር እርግጠኛ ሆኜ ሳወራ፣ በመካከሉ ቆም ብዬ «ይመስለኛል» እላለሁ።

«እናቴ ይህን ደብዳቤ ስታስነብብ ሳቀች» አለችኝ እማሆይ። «ደጋ ላይ የዋለች በቅሎ በገንዲ አትሞትም። በቅሎዋ ደግሞ በወሩ ሞተች። መቱ በሙሉ መውረድህን አውቆ ነበር።»

«ኦቦ ጉደታስ? ቁራኛ ሆኑ?»

«ኧረ ለምን? ውላቸው ሌላ ነበር እኮ። አላየኸውም?»

ከማህደሩ ሥር ውሉን አወጣችልኝ። «እስከ ቡሬ» ብዬ የጻፍኩት ላይ ቀጭን መስመር ተሰምሮበታል። ከበላዩ፣ በመምሬ ወልደ ሰንበት ጽሕፈት፣ «እስከ ጋምቤላ፤ በማናቸውም ሞት ዋሱ ይተካል» ይላል። ከግርጌው በቀለም የተነከረ የአውራ ጣት አሻራ አለ፤ የማር አምራች ሰፊ አውራ ጣት።

በትራቸውን አልረሱም ነበር። «ልጁ ይወርዳል፤ ራሱ ገና አላወቀም እንጂ። ሲወርድ ሌባ እንዳይባል በእኔ ላይ ጻፉት» ብለው ነበር አለች፣ እናቷ እንደነገረቻት። የኪራዩን ተጨማሪ በማር ከፍለዋል። በቅሎዋ ስትሞት፣ ኮቴዋ የዳነውን ያቺን ጥቁር በቅሏቸውን ራሳቸው ስበው አምጥተው፣ ልጓሟን ለእትዬ አስካለ አስያዙ። ከዚያ ወዲያ ሶርን የሚሻገሩት በእግራቸው ነበር፤ ጎበጥ ብለው። ስለ እኔ ሲጠየቁ፣ «ትምህርት ላይ ነው» ከማለት በቀር ሌላ አይናገሩም ነበር።

ለኬላው ዘበኛ፣ እስከ ጋምቤላ፣ ብዬ የዋሸሁት ውሸት፣ ሳላውቀው፣ እውነት ነበረ ማለት ነው።

ይህንንም ቢሆን የእናትና የልጅ ወሬ ብቻ ይዤ ላምን አልፈለግኩም። ከበቅሎዋ ሞት በኋላ፣ ነገሩን ለማስተካከል የተጨመረ ቃል ቢሆንስ? መምሬ ወልደ ሰንበት በሕይወት ነበሩ፤ ዓይናቸው ጠፍቶ፣ በደጀ ሰላሙ ጥግ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ውሉን አነበብኩላቸው። መቼ እንደጨመሩት ጠየቅኳቸው።

«አንተ ገና ከገበያው ዳር ሳትሰወር ነው» አሉኝ። «ቀኑንም ጽፌበት ነበር፤ ከጣቱ ሥር እየው።»

ወረቀቱን ወደ ብርሃን አዞርኩት። ከአሻራው ሥር፣ ፈዞ ግን ሳይጠፋ፣ ቀኑ አለ። ረቡዕ ይላል፤ ከቤት የተነሣሁበት ቀን።